በዒድ ሰሞን የጠፋው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት እናቴ ከኮምቦልቻ በባለቤቴ ስልክ ደወለችና ሰላምታም ሳታስቀድም፣ «አለች ወይ?» አለችው። የላክሁላት የድምፅ መልእክት ሲከፈት ሹሹታ ብቻ ሆኖባታል። የእህቴ ልጅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛላት ደጋግማ አድምጣ፣ ልጄን አንድ ነገር አግኝቷታል ብላ እህል ሳትቀምስ ውላለች። ስልኩን ተቀብዬ፣ «ደህና ነኝ እማ፣ የታመመው ስልኬ ነው» ብላትም ወዲያው አላመነችኝም። ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አስጠርታ ድምፁን ከሰማች በኋላ ነው የተረጋጋችው።

በነጋታው ስልኬን ይዤ ወደ መሃል ጋምቤላ ወጣሁ። ገበያው ጠርዝ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ስልክ የሚጠግን ጎልማሳ አለ። ስልኬን አፉ ጋ አስጠግቶ «ሃሎ፣ ሃሎ» አለበትና መልሶ አጫወተው። ሹሹታ።

«ማይኩ መቅዳት አቁሟል፣ እህቴ። ቁጭ በይ፣ አየዋለሁ» አለኝ።

ተራ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን «መቅዳት አቁሟል» ሲባል ስሰማ ዛሬም ከዓመታት በፊት ያለፈ አንድ ዒድ ይመጣብኛል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ስልኬ ሲፈታ እያየሁ ወደዚያ ዒድ ተመለስኩ።

ወደ ጋምቤላ የመጣሁት ገና ልጅነቱ ሳይወጣልኝ፣ ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ላግዝ ብዬ ነው። ሰይድ መሃል ከተማ ሱቅ ነበረው። ከፊት ለፊት ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ሚስማር ይሸጣል። ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ኮምፒውተር ነበረን፤ ጽሑፍ እንተይባለን፣ ሲዲ እንገለብጣለን፣ ድምፅ እንቀዳለን። የሰርግ ዘፋኙም፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራኑም፣ በመኪና ቅስቀሳ የሚያሰማው መሥሪያ ቤትም ወደ እኛ ነበር የሚመጣው። ግድግዳውን በእንቁላል መያዣ ካርቶንና በአሮጌ ፍራሽ ስለሸፈንነው ክፍሏ እሳት ናት። ቀረጻ ሲኖር ደግሞ ድምፁ እንዳይገባ ፋኑ ይጠፋል። የኮምቦልቻን ሙቀት ሙቀት ብዬ ሳማርር የኖርኩት እኔ፣ ሙቀት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ሰይድ ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባውን ሳውንድ ካርድ ከአዲስ አበባ በስንት ልመና ነበር ያስመጣው። እንደ አራስ ልጅ እንጠነቀቅለታለን። በረመዳን ዘፈን ስለማንቀዳ፣ ጾሙ ሲገባ ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጀርባ እነቅለውና ጠርጌ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ማይኩም አብሮን የሚጾም እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ዒድ በክረምቱ መውጫ ላይ ዋለ። ባሮ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ከላይ ግንድና ቅጠል እየጠረገ ያወርዳል። የኢታንግ መንገድ ውሃ ተኝቶበት መኪና አያልፍም፤ ወደ ታች የሚሄድ ሰው በጀልባ ነው። ከዒዱ ማግስት ሰይድ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ደምቢ ዶሎ ወጣ። «የሚመጣውን አስተናግጂ፤ ያልገባሽ ነገር ካለ ወንድሜ ይምጣ በያቸው» ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ማይኩን ከሣጥኑ አውጥቼ፣ ክንዴን ከኮምፒውተሩና ከግድግዳው መሃል ሰድጄ፣ በዳበሳ ቦታው ላይ ሰካሁት። ከዚያ ከዒዱ የተረፈ ሳምቡሳ ይዤ ደንበኛ መጠበቅ ጀመርኩ።

ረፋዱ ላይ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወረደችው ረጅም ሴት ናት፤ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ቀጥሎ አንድ ግዙፍ ሰው ወረደና እግራቸው በጀሶ የታሰረ ሽማግሌ አቅፎ አወጣ። ሽማግሌው ቀጭን፣ ግንባራቸው በጠባሳ መስመር የተሰመረ፣ ባዶ ፒፓ በጥርሳቸው የነከሱ ናቸው። ሰውየው አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸውና በሩ ላይ ቆመ። በሩ ጨለመ።

«ኛሉዋክ እባላለሁ» አለችኝ ሴትየዋ። አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው፤ ቃሉን እየመረጠች ታስቀምጠዋለች። «ይህ አባቴ ነው፣ ጋትዌች። ያ ቾል ነው፣ የጀልባ ሰው። የአባቴን ድምፅ በሲዲ እንፈልጋለን። ዛሬ።»

ወንድሜ ይምጣ ልላት አፌን ስከፍት ነገሩን ነገረችኝ። አባቷ የተሳፈሩበት መኪና ጭቃ ላይ ተገልብጦ እግራቸው ተሰበረ፤ ሆስፒታል ገቡ። መንደራቸው የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ሰዎች ገደሏቸው ተባለ። ሁለቱ መንደሮች በግጦሽ ተጣልተው ስለነበር ወንዶች ልጆቻቸው አመኑ።

«አንድ ሰው ሄዶ አልሞቱም ቢላቸውስ?» አልኳት።

«ቾል ሄደ። ፈሪ፣ ውሸታም፣ ማዶዎቹ ገዙህ አሉት። ፊቱን እይ።»

አየሁት። ከቅንድቡ በላይ አብጧል።

«ነገ ጠዋት ይሻገራሉ» አለች ኛሉዋክ። «እኔ ያገባሁት ማዶ ነው። ልጆቼ እዚያ ናቸው። የሚሻገሩት ወንድሞቼ ናቸው፣ ቆሞ የሚጠብቃቸው ባሌ ነው።»

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ይምጣ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ያኔ ስልክ እንደዛሬው አልነበረም፤ መንደራቸው ኔትወርክ የለም፣ ከተማ ያለውም ስልክ ከመደወል ያለፈ ሙያ አያውቅም። መንደሩ ውስጥ ግን አንድ ነጋዴ በጄኔሬተር ፊልም የሚያሳይበት ዳስ አለ፤ ሲዲ ማጫወቻና ትልቅ ስፒከር አለው። አመሻሽ ላይ ወጣቱ ሁሉ እዚያ ነው። ቾል ከዙህር ሶላት በኋላ ወዲያው ከተነሳ ሳይመሽ ይደርሳል። አባትየው ራሳቸው ከተናገሩ ማን ውሸት ይለዋል?

ቾል ሽማግሌውን ወደ ጀርባዋ ክፍል አስገብቶ አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ ፋኑን አጠፋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ማይኩን ከፊታቸው አቆምኩ። ቢስሚላህ ብዬ መቅጃውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ከፍ ዝቅ ትል ጀመር። ልቤ አረፈ።

አባባ ጋትዌች ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡና ተናገሩ። ኑዌርኛ አላውቅም፤ ግን ከተራ ወሬ የተለየ መሆኑን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። በዝግታ ጀመሩ፣ ስም እየጠሩ ወደ ላይ ወጡ፣ አንድ ቦታ ላይ ዝም አሉና እንደገና ከታች አነሱት። ኛሉዋክ መሬት መሬት እያየች እንባዋ ይወርዳል። ቾል አንገቱን ደፍቷል። ላቡ ከግንባሬ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ሲያቃጥለኝ እንኳ እጄን ለማንሳት ፈራሁ። ሲጨርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ግድግዳው ላይ ተደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መልሼ አጫወትኩት።

ግግግግግ።

ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ያው ግግታ ነው፤ ከሱ ሥር የሰው ድምፅ የለም። ያቺ አረንጓዴ መብራት ከፍ ዝቅ ስትል የነበረው ለሳቸው ቃል አልነበረም ማለት ነው። ኛሉዋክ ፊቴን ስታይ ሁሉም ነገር ገባት።

«አልተቀዳም» አልኩ።

ቀጥላ የጠየቀችኝን እስከዛሬ አልረሳውም። «ሆን ብለሽ ነው?»

«ወላሂ አይደለም!»

«ማዶ የምታውቂው ሰው አለሽ?»

«እኔ እዚህ አገር ከወንድሜ በቀር ማንንም አላውቅም፣ እህቴ!» እንባዬ መጣ። ያኔ እውነቱ በግልጽ ታየኝ፤ የማንም ያልሆንኩ፣ ከሩቅ የመጣሁ ሴት፣ በአንዲት የተዘጋች ክፍል ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ነገ የሚፈሰው ደም እጄ ላይ እንደሆነ እያሰቡ ያዩኛል። ቾል ወደ እኔ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ወንበሬን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እሱ ለካ ስክሪኑን ለማየት ነው።

«አንተ፣ ፀሐይ ሄደ!» አለኝ። ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው። እኔም በስንት ጊዜ ቆይታዬ ከኑዌርኛ ሰላምታ ብቻ ነበር የያዝኩትና የምስቅበት አንደበት የለኝም። «ፀሐይ ሄደ! ሥራ!»

ሰይድ ያስተማረኝን ሁሉ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ድምፅ መቆጣጠሪያውን ከፍቼ የማይኩ ድምፅ ተዘግቶ እንደሆነ አየሁ፤ አልተዘጋም። ኮምፒውተሩ ድምፁን ከሌላ ቀዳዳ እየጠበቀ እንደሆነ አየሁ፤ ከማይኩ ነው። መዝፈኛ ማይክ ነበረን፣ እሱንም በዳበሳ ቀይሬ ሰካሁ፤ ያው ግግታ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ስፒከሩ በደንብ ይሠራል፣ የቆየ መንዙማ ብከፍት ጥርት ብሎ ይሰማል። ማውጣት ይችላል፣ መቀበል እምቢ አለ። ወደ ጎረቤታችን ባለ ቴፑ ሮጥኩ። የእሱ ቴፕ ያጫውታል እንጂ መቅዳት ካቆመ ቆይቷል፤ እየሳቀ፣ «አንቺም ወደ ቴፕ ተመለስሽ?» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላውቅም።

ስመለስ ኛሉዋክ አባቷን በዳንቴል መሐረብ ታራግባለች። ትኩሳት አላቸው። «ሌላ ጊዜ አይናገርም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ጠየቅሁት። ተናግሬያለሁ አለ። ያንን ቃል ሁለት ጊዜ አልለውም አለ።»

መስገጃዬን አነጥፌ ልስገድ አልኩ፤ ጊዜ ግን አልነበረም። ቆሜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ማነብነብ ያዝኩ። በረመዳን ምን አጥፍቼ ይሆን? የትኛዋን ሶላት አሳልፌ ይሆን? ሰው ሲፈራ የሚያስበው እንዲህ ነው። እያነበነብኩ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጎትቼ አዞርኩትና የማይኩን ሽቦ ነቀልኩ። ጣቴ ላይ አንድ ነገር ሻከረኝ። የማይኩ ጫፍ ላይ ደረቅ ጭቃ ተለጥፏል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሳውንድ ካርዱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ሽቦ የነበረባቸው ንጹሕ ናቸው። ወሩን ሙሉ ባዶውን የከረመው የማይኩ ቀዳዳ ግን በጭቃ ተደፍኗል።

ጋምቤላ የኖረ ሰው ይህችን ተርብ ያውቃታል። ወገቧ እንደ ክር የቀጠነ፣ እግሯን አንጠልጥላ የምትበር ናት። ክፍት ቀዳዳ አትወድም። የእስክሪብቶ ክዳን፣ የቁልፍ ጉድጓድ፣ የቀርከሃው ጫፍ፣ ባዶ ያገኘችውን ሁሉ በአፏ ጭቃ እያመጣች ትደፍነዋለች። እኔ ማይኩን ለጾም ጠቅልዬ ሳስቀምጥ፣ እሷ የተውኩላትን ቤት አገኘች። በዳበሳ ስሰካው የገባ የመሰለኝ እስከ ጭቃው ድረስ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። ቀጭን ነገር ያስፈልገኛል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ቀጭን ነገር አገጬ ሥር ሻሼን የያዘችው መርፌ ብቻ ናት። ባዕድ ወንዶች ፊት ያቺን መርፌ ነቅዬ አላውቅም። ነቀልኳት። ሻሼን በጥርሴ ነክሼ ያዝኩና ጎንበስ ብዬ መፋቅ ጀመርኩ። ቾል አየኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ በሩ ዞረ። ያንን ያደረገልኝን ክብር አልረሳም። ጭቃው እየተፈረፈረ ወጣ፤ አብረውት የደነዘዙ ትንንሽ ሸረሪቶች ወጡ፣ ተርቧ ለልጇ ያከማቸችው ስንቅ ናቸው። እሱንም ጠርጌ መፋቄን ቀጠልኩ።

ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ያለው ጊዜ ዓመት ሆነብኝ። ማይኩን ሰካሁ፤ አሁን ቅጭ ብሎ ገባ። መቅጃውን ተጫንኩና «ሃሎ» ለማለት ሞከርኩ። ድምፅ አልወጣልኝም። ጥርሴ ሻሼን ነክሶ ቀርቶ ይሁን ፈርቼ፣ እንጃ።

ያኔ አባባ ጋትዌች ነቁ።

ዓይናቸውን ገልጠው ፋኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጀሷቸውን በፒፓቸው ቋ ቋ አደረጉና ማጉረምረም ጀመሩ። ኛሉዋክ አንድ ነገር መለሰችላቸው፤ ባሰባቸው። አሳላቸው፣ ተሳደቡ፣ እንደገና አሳላቸው፣ በመጨረሻ የሳቅና የሳል ቅልቅል የሆነ ድምፅ አውጥተው ውሃ ጠየቁ። ስክሪኑን አየሁ። አረንጓዴዋ መብራት ሳሉን ተከትላ ትዘላለች፣ ዝም ሲሉ ትወድቃለች።

መልሼ ሳጫውተው ሽማግሌው ከስፒከሩ ውስጥ አጉረመረሙ። ጥርት ብለው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌ ደንግጠው ወደ ስፒከሩ ዞሩ።

ኛሉዋክ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ይቺ ልጅ በሣጥን ውስጥ ቀቀለችኝ አለ። ሐኪሙ እግሬን የቤት ግድግዳ አደረገው አለ። ሾርባቸው የዝናብ ውሃ ነው አለ። እነዚያ ሰነፎች ልጆቼ ለጥጃዎቹ ጭስ ያጨሱ ወይስ ለወባ ትንኝ ሸጧቸው አለ። በርጩማዬ ላይ ማን እንደተቀመጠ አውቃለሁ፣ ታላቁ ነው፣ ተነስ በሉት አለ።»

«አሁን ይናገሩ፣ አሁን ይቀዳል!»

አባቷን አየች። ዓይናቸውን መልሰው ጨፍነዋል። «አይሆንም። ይህ ይበቃል» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ ጥያቄ፣ «ይበቃል?» አለችኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ! ድምፁን ሲዲ ላይ ገልብጬ ለቾል ሰጠሁት። በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተውና ወደ ባሮ ሮጠ። እነሱ ወደ ሆስፒታላቸው ተመለሱ። እኔ ሱቁን ዘግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ያን ቀንና ማግስቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። አንድ መንደር በሽማግሌ ሳል ይድናል ወይ? ጀልባው ቢገለበጥስ? የነጋዴው ጄኔሬተር ነዳጅ ባይኖረውስ? ከገበያ ሁለት ሰው እየሮጠ ባለፈ ቁጥር ወሬ የመጣ እየመሰለኝ በሩን እይዛለሁ። ሳምቡሳው ሳይነካ ተበላሸ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ሦስት ረጃጅም ወጣቶች መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። ግንባራቸው ላይ ያው የአባባ ጋትዌች መስመር አለ። ልጆቻቸው መሆናቸውን ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። የመጡት ለምን እንደሆነ እስኪናገሩ ድረስ ልሞት ነው ብዬ ሸሃዳዬን ሁለቴ ብያለሁ።

ታላቅየው ጎንበስ ብሎ ገባ። «በርጩማው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱም ሳቀ። ዳሱ ውስጥ ሲዲው ሲከፈት መጀመሪያ ሁሉም ተኮሳትረው ነበር አሉኝ። «ሣጥን ውስጥ ቀቀለችኝ» ሲሉ አንድ ሰው ሳቀ። በርጩማው ጋ ሲደርስ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ የሚያጉረመርም ሌላ ሰው በምድር ላይ የለም፤ የሞተ ሰው ደግሞ ስለ ሾርባ አያማርርም። ማንም አልተሻገረም።

«አባታችን ግን ተቆጥቷል» አለኝ ታላቅየው። «ትልቅ ንግግር ተናግሬ ነበር፣ እሱን አምጡ አለን። የት አለ?»

«እሱ አልተቀዳም፣ ወንድሜ» አልኩት።

ኮምፒውተሩን ረጅም ጊዜ አየው። «አንቺ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ግን አልገባኝም።»

ራሱን ነቀነቀና ወጡ። በማግስቱ ኛሉዋክ ወደ ልጆቿ ስትመለስ በራችን ላይ ጎራ ብላ ትልቅ ጥብስ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ስለዚያ የ«ሆን ብለሽ ነው?» ጥያቄዋ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ግን ስትወጣ እጄን ይዛ ትንሽ ቆየች።

ያ ንግግር አንዳንዴ ትዝ ይለኛል። ቃሉን ባላውቅም ወጣ ገባው፣ ዝምታው፣ እንደገና ከታች መነሳቱ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የእኛ ካርድ አልያዘውም እንጂ አላህ ዘንድ ሳይመዘገብ የቀረ ቃል የለም፤ በዚህ እጽናናለሁ። ግን ደግሞ አስባለሁ፤ ያ የከበረው ቃል ተቀድቶ ቢሆን ያምኑት ነበር? ትልቅ ንግግር ሰው ሊያስመስለው ይችላል። ያን ሳል ማን ያስመስለዋል?

«ተፈጸመ እህቴ፣ አቧራ ነው የዘጋው» አለኝ ጠጋኙ መርፌውን እየጠረገ። «ተናገሪበት እስቲ።»

ከዚያ ዒድ ወዲህ መጀመሪያ አጭር ሙከራ ሳልቀዳና ሳላደምጥ መልእክት ልኬ አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ነው ተጣድፌ የዘለልኩት። ስልኩን ተቀበልኩና ቢስሚላህ ብዬ፣ «እማ፣ ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ነው፣ ጫማዬ እዚህ ገበያ ውስጥ ተበጠሰ፣ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ወንበሩ እሾህ ነው፣ ወገቤ አለቀ» አልኩበት። ጠጋኙ ሳቀ። ሳቁም አብሮ ተቀዳ። ከዚያ እንደ ወትሮው አጥፍቼ በወጉ፣ እንዴት ነሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ተውኩት። ሙከራውን እንዳለ ላክሁላት።

ቤት ሳልደርስ መልሷ ገባ። መንገድ ዳር፣ አንዱን ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ከፈትኩት።

«እሰይ» አለች እናቴ። «አለሽ።»